ክር የሚመዝዝ እጅ

ሰው ሰላም ሲለኝ ፊቱን አላይም፤ እጁን ነው የማየው። አርባ ዓመት ሙሉ እዚህ አትባራ የሙሽሮችን እጅ እያሸሁ የኖርኩ ሴት ነኝና አይፈረድብኝም። የተቆጣች ሴት መዳፏ ይደርቃል፤ የምትዋሽ ያልባታል። ያፈቀረች ግን እጇን ትሰጥሽና እዚያው ትረሳዋለች። ቢታሽ፣ ቢቀባ፣ ቢቆረጥ ግድ የላትም።

የአሙናን ፍቅር ያወቅሁትም በዚሁ ነው።

አሙና የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ዓብደልመጂድ የመጨረሻ ልጅ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ለእናቷ ድልካ ልትወስድ ቤቴ ትመጣ ነበር፤ የማሽላ ሊጥ በቅርንፉድና በሰንደል ለውሼ፣ በግራር ጭስ አጥኜ የምሠራውን የቆዳ ማሻ። የግራሩን እንጨት የሚያመጣልኝ ደግሞ ከሐዲዱ ማዶ የሚኖረው የባቡር ፍሬን ሠራተኛው ልጅ፣ ባብከር ነበር። በሳምንት አንዴ ይመጣ የነበረው እንጨት ቀስ በቀስ በሳምንት ሦስቴ መምጣት ጀመረ። የሚመጣውም አሙና ባለችበት ሰዓት ነው።

"አንተ ልጅ፣ ከተማውን ላቃጥል ነው እንዴ?" እለዋለሁ።

"ይቅር ካልሽ ይቀራል አክስቴ" ይላል፤ መሬት መሬት እያየ። አሙና የተከናነበችውን ረጅም ቶብ ጫፍ ወደ አፏ ስባ ሳቋን ትሸፍናለች። ከዚያ እጇን ሳሸው የሌላ ሰው እጅ ይሆንብኛል።

ባብከር ወግ አላጎደለም፤ አጎቱን ልኮ አስጠየቃት። ሐጂ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሚስታቸው ሐጃ ኒዕማት ከሴቶቹ ክፍል ሆና፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

"የልጁን እጅ አይታችኋል? የልጄን ቶብ ቢነካው ክር ይመዝዛል!"

ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ቃሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐዲዱን ተሻግሮ ባብከር ዘንድ ደረሰ። እንጨት የሚሸከም እጅ ነው፤ እውነትም ሻካራ ነበር። ልጁም በሳምንቱ ባቡር ተሳፍሮ ፖርት ሱዳን ወረደ፤ ባሕሩ ዳር ጨው ማምረቻ ገባ። ደህና ሥራ ይዤ ብመለስ ያከብሩኛል ብሎ ነው። እጁ ሻካራ ተብሎ የተሰደበ ሰው ጨው ውስጥ ሲገባ እስቲ ምን ይባላል!

ደብዳቤዎቹ በእኔ ስም ይመጡ ነበር። አሙና የገመድ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታነባለች። መጀመሪያ አራት ገጽ ነበሩ፤ እሷም አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከላይ ትጀምራለች። ኋላ ሁለት ገጽ ሆኑ። ከዚያ ዶሮ የጫረው የሚመስል ግማሽ ገጽ መጣ። ከዚያ ወዲያ አምስት ወር ሙሉ ምንም የለም።

"ጽሕፈቱ ሲለወጥ ማወቅ ነበረብኝ" አለችኝ አንድ ቀን። "ልቡም አብሮ ተለውጧል።"

እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር። ለእኔ ብቻ የጻፋት ትንሽ ደብዳቤ ትራሴ ሥር ነበረች።

"አክስቴ በቱል፣ ጨዉ እጄን ሰንጥቆታል። እስክርቢቶ ስይዝ ደም ወረቀቱን ያበላሽብኛል። ረመዳን ሳይገባ መጥቼ ደግሜ ላስጠይቅ አስቤያለሁ፤ በዚህ እጅ ግን አልመጣም። መድኃኒት ላኪልኝ። ለአሙና እንዳትነግሪ። ደም የነካው ወረቀት ከምትቀበል ዝም ብል ይሻላል።"

እኔም ቃሌን ጠብቄ ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይሄ ነው።

የሰሊጥ ዘይት ከበሬ ሞራ ጋር አቅልጬ፣ ቅርንፉድ ጨምሬ በቆርቆሮ ላክሁለት። ይሄን ቅባት መጀመሪያ የሠራሁት ለሙሽራ እንዳይመስላችሁ፤ ለባሌ ለኢድሪስ ነበር፣ አላህ ይማረውና። ኢድሪስ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። እነሱ የእጃቸውን ግራሶ የሚያስለቅቁት በላምባና በአሸዋ አሽተው ነው፤ ቆዳ አይተርፋቸውም። ማታ ማታ እጁን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀባው ነበር። ለባብከርም የጻፍኩለት ለኢድሪስ የማደርገውን ነው፦ ከሥራ ስትወጣ ጨው በሌለው ውሃ ታጠብ፣ እጅህ ጨርሶ ሳይደርቅ ቅባ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ ተኛ።

ትንንሾቹ ስንጥቆች መግጠማቸውን ከዚያ የመጣ የባቡር ሠራተኛ ነገረኝ። የጣቶቹ ጫፍና የአውራ ጣቱ ሥር ያሉት ግን እንቢ አሉ። እንግዲህ ሂና ነው የቀረው፤ ገበሬዎቻችን ተረከዛቸው ሲሰነጠቅ የሚያደርጉት። ከመምጣትህ በፊት ሦስት ቀን አከታትለህ መዳፍህንና ጣቶችህን በደንብ ሙላው ብዬ ዱቄቱን ላክሁለት።

ሁለተኛው ጥፋቴ ይሄ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይብሳል። በእኛ አገር ወንድ ልጅ እጁን ሂና የሚሞላው ሊያገባ ሲል እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። የዚህን ከተማ ግማሽ ወንድ ለሠርጉ ሂና የቀባሁት እኔ በቱል ግን አልታየኝም። ስንጥቁን እንጂ እጁን አላሰብኩም።

ዱቄቱን ልኬ ወደ ጎረቤት ከተማ፣ ወደ ዳሚር ሄድኩ፤ የአንዲት ሙሽራ ገላ ሳሽ ሳምንት ቆየሁ። የተመለስኩት ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። ባብከር ደጃፌ ላይ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ፀሐዩም አጥቁሮታል።

"መቼ መጣህ?"

"ትናንት፣ በቀኑ ባቡር።" ተነሳ፣ እጁን ግን አልዘረጋልኝም።

"አሙናን አየሃት?"

"እሷ ናት ያየችኝ። እኔስ አላየኋትም። ቤቷ ሄጄ ባንኳኳ ሳትከፍት 'ከማን ጋር መጣህ?' አለችኝ። 'ብቻዬን' አልኳት። 'እሷንስ የት ተውካት?' አለች። የቷን እንደሆነ እንኳ አልገባኝም። 'አሜን ስትል በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ፣ እጅህንም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሂድልኝ' አለችና ገባች። አክስቴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?"

"እስቲ እጅህን አሳየኝ።"

ዘረጋልኝ። ከጣቱ ጫፍ እስከ አንጓው፣ ጥቁር ሊሆን ምንም ያልቀረው ጥልቅ ቀይ። እኔ ራሴ ብቀባው እንዲህ አላሳምረውም።

"ወይኔ በቱል!" ደረቴን መታሁ። "ሙሽራ አድርጌሃለሁ እኮ! ባቡሩ ላይ ማንም ምንም አላለህም?"

"ያላለኝ ማን አለ? 'ሙባረክ ሙሽራው!' እያሉ ተምር አጎረሱኝ። ግማሽ መንገድ ድረስ አላገባሁም እያልኩ ተከራከርኩ። 'ሙሽራ ሲባል ያፍራል' እያሉ ሳቁብኝ። ኋላ ደከመኝ፤ አሜን ማለት ጀመርኩ። ጣቢያው ላይ ሻይ ሻጯ 'ሙሽራዬ፣ በልጅ ይባርክህ' ስትለኝም አሜን አልኩ። አሙና ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያ ጥግ ላይ እንደምትቆም በምን አውቃለሁ?"

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ዋጥኩት።

"ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ የአጎቷ ቤተሰብ ቃል ሊቀበል ይመጣል አሉ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ትናንት ማታ ለሐይደር እሺ ብላለች።"

ሐይደር የአጎቷ ልጅ ነው፤ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ እጁ የለሰለሰ፣ ጨዋ ልጅ። ልጥላው ብል እንኳ ምክንያት አላገኝበትም። ሽማግሌ ፊት ቃል አንዴ ከወጣ ደግሞ የአባቷ ስም ይታሰርበታል፤ አሙና ሞቷን ትመርጣለች እንጂ መልሱልኝ አትልም። አስር ሶላት ሊደርስ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቶታል።

"ተነሳ!" አልኩት።

"ወዴት?"

"የዘጋሁትን በር ልከፍት።"

"እናቷ ታባርረኛለች።"

"መጀመሪያ እኔን ታባርር! የሷን የሠርግ ሂና የቀባሁት እኔ ነኝ። ና፣ ቅደም!"

ሐጃ ኒዕማት ግቢ ውስጥ ተምር በትሪ ትደረድር ነበር። ሐጂ ጥላው ሥር መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሐጃ እኔን ስታይ ፊቷ በራ፤ ከኋላዬ ባብከርን ስታይ ጠፋ።

"ምነው በቱል? ሙሽራ በሠርጉ ሰሞን ከቤቱ አይወጣም ሲባል አልሰማሽም እንዴ?"

"ሙሽራ አይደለም። አሙናስ?"

የክፍሉ መጋረጃ ተነቃነቀ። ከሥሩ የእግር ጣቶቿ ይታያሉ።

"አሙና፣ ነይ ውጪ ልጄ።"

"አልወጣም" አለች ከውስጥ። "ሚስቱ ትቆጣለች።"

"ሚስት የለውም! ሂናውን የላክሁለት እኔ ነኝ። ጨው እጁን ሰንጥቆት ነው፤ ለቁስል ነው።"

ሐጃ ኒዕማት ሳቀች። "ለቁስል? ደግሞ ለቁስል! ያላገባ ወንድ ለቁስል ብሎ እጁን ሂና ሲሞላ ዛሬ ሰማሁ።"

"አክስቴ" አለች አሙና፤ ድምጿ ተሰብሯል። "ለእሱ ብለሽ አትዋሺኝ። አንቺ እንኳ አትዋሺኝ።"

ይሄ ወጋኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በእጄ ያደገች ልጅ ናት። ደብዳቤውን አውጥቼ ላንብብ ብዬ ቦርሳዬን ብፈትሽ የለም፤ ትራሴ ሥር ትቼዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆንኩ። አቀርቅሬ ሳለሁ የባብከርን አቧራ የጠጣ ጫማ አየሁ።

"ባብከር፣ ጫማህን አውልቅ።"

"ምን?"

"ጫማህን! ካልሲህንም!"

"አክስቴ፣ ሰው ፊት?"

"አውልቅ አልኩህ!"

እያፈረ ጎንበስ አለ። ካልሲው ተረከዙ ጋ ተቀዷል። እግሮቹን በግቢው አሸዋ ላይ ሲያቆማቸው ነጣ ያሉ፣ አቧራ የለበሱ፣ ተረከዛቸው የተሰነጠቀ ደረቅ እግሮች ናቸው። አንዲት የሂና ጠብታ አልነካቻቸውም።

"እዩት!" አልኩ። "ኒዕማት፣ አንቺም እይ። እጁ ተሞልቶ እግሩ የቀረ ሙሽራ በዚህ አገር ታይቶ ያውቃል? የትኛዋ እናት ናት ልጇን እንዲህ በግማሽ የምትድር?"

መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ናቸው። ሳቁ ሳል ሆኖባቸው መቁጠሪያው ከእጃቸው ወደቀ። ሐጃ ኒዕማት ትሪዋን ይዛ እግሩን ትመለከታለች።

መጋረጃው ተገለጠ። አሙና ወጥታ ቆመች። ስታለቅስ አድራለች፤ ዓይኖቿ አብጠዋል። እግሩን አየች። ረጅም ጊዜ እግሩን አየች። ከዚያ ቀና አለች።

"ለምን አልጻፍክልኝም?"

"እስክርቢቶ አልይዝ አለኝ።"

"ሌላ ሰው አይጽፍልህም ነበር?"

"ላንቺ የምለውን ለሌላ ሰው ነግሬ ላስጽፍ?"

"አምስት ወር!" ጮኸች። "አምስት ወር ሙሉ፣ ባብከር! ዝም ከምትለኝ በደምህ ብትጽፍልኝ ይሻለኝ ነበር። ሞተ ብዬ አለቀስኩ። ረሳኝ ብዬ አለቀስኩ። ትናንት ደግሞ አገባ ብዬ አለቀስኩ። ስንት ጊዜ ነው የምቀብርህ?"

"በዚያ እጅ መምጣት አፍሬ ነው። እናትሽ ያሉትን…"

"ያለችው እናቴ ናት። እኔ ብያለሁ? አንድ ቀን እጅህ ሻካራ ነው ብዬህ አውቃለሁ?"

ባብከር ዝም በይ ሲለኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያን ሁሉ ወር አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትጠፋ እያየሁ እጇን እያሸሁ ዝም ያልኩት።

አሙና ቀረበችና እጁን ያዘች። በእኛ ዘንድ አንዲት ልጅ በእናት በአባቷ ፊት የወንድ እጅ አትይዝም። ሁላችንም ዓይናችንን መሬት ላይ ጣልን። እኔ ግን ሥራዬ እጅ ነውና ትንሽ ቀና ብዬ አየሁ። መዳፉን ወደ ላይ ገልብጣ በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ትዳስሳለች። ከሂናው ሥር፣ አውራ ጣቱ መነሻ ላይ ያለው ስንጥቅ ገና አልገጠመም። እዚያ ስትደርስ ቆመች። እንባዋ መዳፉ ላይ ጠብ አለ፤ ጨው ነውና ሳያቃጥለው አልቀረም፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

"ያምሃል?"

"አሁን አያመኝም።"

ያን ጊዜ ሐጃ ኒዕማት "ነውር ነው!" አለች። ባብከር ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። ሲሰበስብ የጣቱ ቆዳ ከአሙና ትከሻ የወረደውን ቶብ ያዘው፤ አንድ ረጅም ክር ተመዝዞ በአየር ላይ ቀረ።

ሁላችንም አየነው። ሐጃ ኒዕማት "ይኸው!" ብላ ትሪውን መሬት አስቀመጠች። "ይኸው፣ አላልኩም?"

የባብከር ፊት አመድ መሰለ። ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ በሩ ዞረ። አምስት ወር የላክሁት ቅባት፣ ያ ሁሉ ዘይትና ሂና፣ በአንድ ክር ከንቱ ሲሆን ታየኝ።

ሐጂ ዓብደልመጂድ ተነሱ። ወደ ልጃቸው ሄደው የቶቧን ጨርቅ በሁለት ጣታቸው ያዙ፤ ሱቅ ውስጥ እንደሚያደርጉት ወደ ብርሃን አዘነበሉት። በጥፍራቸው ከግራም ከቀኝም ሳብ ሳብ ሲያደርጉት ክሩ እያጠረ ወደ ውስጥ ገባ። ትንሽ ሽብሽቦ ቀረ እንጂ።

"ክር ነው ኒዕማት" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ቶብ ስሸጥ፣ ክሩ ሳይመዘዝ ቶብ ለብሳ የኖረች ሴት አላየሁም። አንቺም ብትሆኚ።" ከዚያ ወደ አሙና ዞሩ። "ትናንት እሺ ያልሽው ወደሽ ነው ተናደሽ?"

"ተናድጄ ነው አባቴ።"

"እንግዲያው ይሄን ቃል ለወንድሜ አልሰጥም። ንዴት ድሬ ሐይደርን አልበድለውም። ሲመጡ እኔ አነጋግራቸዋለሁ፤ የሚመጣውን ቅያሜ እኔ እችላለሁ።" ባብከርን በሩ ላይ ጠሩት። "አንተ! አጎትህን ይዘህ እሑድ ና። ካልሲም ግዛ።"

ሐጃ ኒዕማት አልተዋጠላትም። ትሪው አጠገብ ቁጭ ብላ በቶቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔንም ከዚያ በኋላ አንድ ወር አላናገረችኝም። አልፈርድባትም። ልጇን ከዕለት ወደ ዕለት እያሸች፣ ፀሐይ ሳትነካት ያሳደገች እናት ናት፤ ለማን እጅ እንደምትሰጣት መፍራቷ እውነት ነው።

ልወጣ ስል አሙና በሩ ላይ ደረሰችብኝ። ተቆጥታኛለች፤ ዓይኗ ይነግረኛል። ቢሆንም እጄን ያዘች።

"አክስቴ፣ ያ ቅባት ቤትሽ አለ?"

"አለ። ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ።"

"ለእሱ አትስጪው። ለእኔ ነው የምትሰጪኝ። እንዴት እንደሚቀባም አሳዪኝ።"

ነገርኳት። ጨው በሌለው ውሃ ይታጠብ፣ እጁ ሳይደርቅ ጀምሪ፣ መጀመሪያ አውራ ጣቱን፣ ከዚያ በጣቶቹ መሃል፣ ቀስ ብለሽ።

"እስኪለሰልስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

ልዋሻት አልፈለግሁም። በዝምታዬም በቂ ዋሽቻታለሁ። "ጨው ላይ የሚሠራ ከሆነ አይለሰልስም።"

"የኢድሪስስ ለስልሶ ነበር?"

"የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ቀባሁት፤ እንደሻከረ ሞተ።"

"ታዲያ ምን አደከመሽ?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። መልሱ ግን አፌ ላይ ነበር።

"እጁን ልይዘው ነዋ ልጄ" አልኳት።

አሙና ትከሻዋ ላይ ያለችውን ትንሽ ሽብሽቦ በጣቷ ነካች።

"እሺ" አለችኝ።